«ሀቺ»ን ያያችሁ፦ ስለ ውሻው ሁሉም አውርቷል፣ ስለ ጣቢያው ሰዎች እናውራ

መቅደስ_ሲኒማ

ሰላም ለሁላችሁ። ፊልሙን ያላያችሁ ካላችሁ ከዚህ በታች አታንብቡ፤ መጨረሻውን ጭምር ነው የማወራው። ዓመቶቹን ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።

በ2009 የወጣውን «ሀቺ»ን ትናንት ማታ እንደገና አየሁት። ላሴ ሃልስትሮም ያዘጋጀው፣ ሪቻርድ ጊር የሚተውንበት ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ፓርከር የሚባል የሙዚቃ መምህር ባቡር ጣቢያ ውስጥ የጠፋ ቡችላ ያገኛል። ባለቤቱ ሲጠፋ ቤቱ ይወስደዋል። ቡችላው አድጎ ጠዋት ጠዋት እስከ ጣቢያው ይሸኘዋል። ማታ ባቡሩ በሚገባበት ሰዓት ደግሞ ሄዶ ይቀበለዋል። አንድ ቀን መምህሩ እያስተማረ ይወድቅና ይሞታል። ለውሻው ይህን ማን ያስረዳዋል? እስኪሞት ድረስ፣ ወደ አሥር ዓመት ገደማ፣ በዚያችው ሰዓት እየሄደ ይጠብቃል።

ሁላችንም የምናለቅሰው ለውሻው ነው። ይገባዋል። እኔ ግን በዚህኛው ዙር ዓይኔ ሌላ ቦታ ሄደ። ካርል የሚባለውን የጣቢያውን ኃላፊ አስታውሱት። በር ላይ ትኩስ ቋሊማ በዳቦ የሚሸጠውን ጃስጂትን አስታውሱት። ሥጋ ሻጩንና የመጽሐፍ ቤቷን ሴትዮ አስታውሱ። ውሻው የማናቸውም አይደለም። ማንም ኃላፊነት አልሰጣቸውም። ግን አላባረሩትም። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጣቢያ ማለት ሰው የሚጋፋበት፣ ሁሉም የሚቸኩልበት ቦታ ነው። እዚያ መሐል አንድ ትልቅ ውሻ ለዓመታት እንዲቀመጥ መተው የብዙ ሰው ዝምታና የብዙ ሰው ፈቃድ ይጠይቃል።

ካርል ጎንበስ ብሎ ከእንግዲህ መጠበቅ እንደሌለበት የሚነግረውን ትዕይንት ደግማችሁ እዩት። ውሻው ዓይኑን ከበሩ ላይ አይነቅልም። ካርልም አያስገድደውም። ቀና ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል። ለእኔ የፊልሙ ልብ እዚህ ጋ ነው። አንድ ሰው የሌላውን ሐዘን ማስቆም እንደማይችል ሲገባው፣ ቢያንስ ቦታውን ሊለቅለት ይችላል። ፊልሙ ይህንን ያለ አንዲት የስብከት ቃል ነው ያሳየኝ።

እናንተስ ምን አላችሁ? ስለ ውሻውም ቢሆን ጻፉ፣ ከልካይ የለም።

ናሆም_ዘ

መቅዲ፣ አንጀቴን ነው የበላሽው። ስለ ካርል ያልሽው እውነት ነው። እኔ ግን ከኳሷ መላቀቅ አልቻልኩም።

ሀቺ ኳስ አምጣ ሲባል አያመጣም። ፓርከር መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ኳሷን በአፉ ነክሶ ሊያስተምረው ሲሞክር ታስታውሳላችሁ? ውሻው ቁጭ ብሎ ያየዋል። ጃፓናዊው ጓደኛው ኬን ነው የሚያስረዳው፤ አኪታ (የሀቺ ዘር የሆነው የጃፓን ውሻ) ሰውን ለማስደሰት ብሎ ኳስ አያመጣም፣ የራሱ ምክንያት ሲኖረው ብቻ ነው የሚያመጣው። ከዚያ በመጨረሻዋ ቀን ጠዋት ሀቺ አልሸኝም ይላል፣ ይጮሃል። ኳሷን ይዞ ጣቢያ ድረስ ተከትሎት ይመጣና ለመጀመሪያ ጊዜ ያመጣለታል። ሰውዬው በደስታ ይሰክራል። ለካርል ያሳየዋል። ግን ባቡሩ መጣ፣ ሄደ። ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ኳሷ እጁ ላይ ናት።

እኔ ያቺን ቀን ማየት አልችልም። ሁለተኛ ጊዜ ያየሁ ቀን እዚያ ጋ ስደርስ ተነስቼ ወጥቻለሁ።

የታሪክ_ወዳጅ

ጥሩ ክር ነው የተከፈተው። እኔ እውነተኛውን ታሪክ ልጨምርላችሁ፣ ምክንያቱም መቅደስ ያነሳችው የጣቢያው ሰዎች ነገር በእውነተኛው ታሪክ ውስጥ ከበድ ይላል።

ፊልሙ የተመሠረተበት እውነተኛው ውሻ ሀቺኮ ይባላል፤ ጃፓን ውስጥ በኅዳር 1923 ተወለደ። ቦታው አኪታ አውራጃ ውስጥ ያለችው የኦዳቴ ከተማ አካባቢ ነው። በ1924 ቶኪዮ መጣ። ጌታው ሂደሳቡሮ ኡዌኖ ይባላል፤ በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፕሮፌሰር ነበር። ቤቱ ቶኪዮ ውስጥ ካለው የሺቡያ ባቡር ጣቢያ ሩቅ አልነበረም። አብረው የኖሩት ከአንድ ዓመት ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ነው። ይህንን ስሰማ ነው እኔ የደነገጥኩት። ግንቦት 21 ቀን 1925 ፕሮፌሰሩ ሥራ ቦታው እያለ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ሞተ። ውሻው ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም።

ከዚያ በኋላ ሀቺኮ ከቤት ቤት ተንከራተተ። በመጨረሻ የፕሮፌሰሩ የቀድሞ አትክልተኛ፣ ኪኩሳቡሮ ኮባያሺ፣ ዘንድ አረፈ። የእሱ ቤት ለሺቡያ ቅርብ ስለነበር ውሻው በየቀኑ እየወጣ ጣቢያ ይሄድ ነበር።

አሁን ስለ ሰዎቹ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሺቡያ ሰው ለሀቺኮ ጥሩ አልነበረም። ሠራተኛውም መንገደኛውም ያባርረዋል። ይመቱታል። ልጆች ፊቱ ላይ ቀለም ይቀቡት ነበር። ለእነሱ ባለቤት የሌለው፣ መንገድ የሚዘጋ የሰፈር ውሻ ነው። ይሄ ሁሉ የተለወጠው በ1932 ነው። ሂሮኪቺ ሳይቶ የሚባል የጃፓን ውሾችን ዘር ለመጠበቅ የሚታገል ሰው የውሻውን ታሪክ ሰምቶ ለአሳሂ ጋዜጣ ጻፈ። ጽሑፉ ጥቅምት ላይ ወጣ፣ አገር ምድሩ አወቀው። በአንድ ሌሊት ምግብ የሚያመጣው በዛ፣ የሚዳብሰው በዛ። በ1934 በሕይወት እያለ ሐውልት ቆመለት፤ ሲመረቅም እሱ ራሱ በቦታው ነበር። መጋቢት 8 ቀን 1935 ሺቡያ ውስጥ መንገድ ላይ ሞቶ ተገኘ።

ስለዚህ ፊልሙ ላይ ካርልና ጃስጂት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደግ ናቸው። እውነተኛው ጣቢያ ደግ የሆነው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ጋዜጣ ካነበበ በኋላ ነው።

ብሩክ_ኤም

እሺ፣ እንግዲህ እኔ ትንሽ ልቃወም። የታሪክ ወዳጅ ያለው እውነት ከሆነ ፊልሙ እያባበለን ነው ማለት ነው። ክፉውን ነገር አውጥቶ ጥሎ ጣፋጩን ብቻ አቀረበ።

ሁለተኛ ደግሞ፣ «ውሻ በበላበት ይጮሃል» ይባል የለ? ጣቢያው አካባቢ የምግብ ድንኳኖች ነበሩ። ሀቺኮ ሲሞት ሆዱ ውስጥ የዶሮ ጥብስ የሚሰካበት እንጨት ተገኝቷል ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ጌታውን ነው ወይስ ጥብሱን ነው የጠበቀው? ውሻ አልጠላም፣ ቤታችን ሁለት አሉ። ግን ፍቅር ብለን የምንጠራው ነገር ልማድ ቢሆንስ?

ዶክተር_እንስሳት

ብሩክ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ የማውቀውን ልንገርህ።

እንጨቱ እውነት ነው። የውስጥ አካላቱ ተጠብቀው ስለነበር በ2011 የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እንደገና መረመሯቸው። ልቡና ሳንባው ላይ ካንሰር አገኙ፤ የልብ ትል (ልብ ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ትል) ነበረበት። ሆዱ ውስጥ የነበሩት እንጨቶች ጨጓራውን አልጎዱም፣ ለሞት ያበቁትም እነሱ አይደሉም። ይህ ውሻ በመጨረሻ ዕድሜው በጣም ታሞ ነበር ማለት ነው። የልብ ትል ያለበት ውሻ ቶሎ ይደክማል፣ ያስለዋል፣ ጥቂት ተራምዶ ይተኛል። እሱ ግን ጣቢያውን አልተወም።

አሁን ወደ ልማዱ ጉዳይ። ልማድ አለበት፣ አልክድም። ውሻ ሰዓት ይይዛል፣ መንገድ ይይዛል። ግን የምግቡ ነገር ከዘመኑ ጋር አይገጥምም። የታሪክ ወዳጅ እንደጻፈው ብዙ ሰው ምግብ ማምጣት የጀመረው ከ1932 በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ውሻው ያን ቦታ የሚያውቀው በብዛት በዱላና በስድብ ነው። በልምምድ ሕግ ከሄድን፣ ቁራሽ ቢያገኝም እንኳ በየጊዜው የሚመታበትን ቦታ ውሻ ይሸሻል። ኮባያሺ ቤት ደግሞ ምግብ ነበረው። የሚበላበትን ቤት ትቶ ወደሚመታበት ቦታ የሄደው ለምንድን ነው?

ሌላም ነገር አለ። በ2015 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ። ውሻና ጌታው ረጅም ጊዜ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ በሁለቱም ሰውነት ውስጥ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል። እናትና ጨቅላ ሲተያዩ የሚሠራው ያው ሆርሞን ነው። ሰው ያሳደጋቸው ተኩላዎች ላይ ይህ አልታየም። ውሻው ስለ ሞት ምን እንደሚያስብ ማንም ሊነግርህ አይችልም። ከጌታው ጋር ያለው ትስስር ግን ሆዱ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አይደለም።

መቅደስ_ሲኒማ

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልን። የልብ ትሉን አላውቅም ነበር። ታሞም ይሄድ ነበር ማለት ነው!

ብሩክ፣ «እያባበለን ነው» ላልከው እኔ በዚህ አልስማማም። ፊልሙ የሺቡያን ታሪክ እንዳለ አልወሰደም። አሜሪካ ውስጥ ቤድሪጅ የምትባል ትንሽ ከተማ ፈጠረ። እዚያ ሁሉም ይተዋወቃል፣ ፓርከር በየቀኑ ቡና የሚገዛው ከጃስጂት ነው። ሟቹን የሚያውቁት ሰዎች ውሻውን ቢያስጠጉት ምን ይገርማል? ሺቡያ ላይ ግን ውሻው የማን እንደሆነ እንኳ የማያውቅ ሕዝብ ነው የሚተላለፈው። ስለዚህ ለእኔ ሁለቱ ታሪኮች አይጣሉም። ሰው ታሪኩን ሲያውቅ ዱላውን ያስቀምጣል። ቤድሪጅ ታሪኩን ከመጀመሪያው ታውቃለች፣ ሺቡያ የነገራት ሰው እስኪመጣ ሰባት ዓመት ፈጀባት።

ለዚህ ነው የሳይቶ ነገር በጣም የነካኝ። አንድ ሰው ቆሞ «ይሄ ውሻ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው ሁሉ በየቀኑ እያየው አልጠየቀም።

ሚሚ_88

እኔ የምጽፈው ስለ ሚስትየዋ ነው። ስለ ኬት ማንም አለማውራቱ ገረመኝ።

ኬት መጀመሪያ ውሻ ቤቴ አይገባም ያለች ናት። ከዚያ አንድ ሰው ቡችላውን ልውሰድ ብሎ ስልክ ሲደውል፣ በመስኮት ባሏ ሣሩ ላይ ከሀቺ ጋር ሲንከባለል ታያለች። ሰው ወስዶታል ብላ ትመልሳለች። በቃ። አልተከራከረችም፣ «እሺ ይኑር» ብላ አላወጀችም። ትዳር ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዝም ያለ እሺታ አለ፣ ያገባችሁ ታውቁታላችሁ።

ባሏ ሲሞት ደግሞ ቤቱን ሸጣ ሄደች። ብዙ ሰው በዚህ ይፈርድባታል። እኔ አልፈርድባትም። አንዱ ሐዘንተኛ ከቦታው መራቅ አለበት፣ አንዱ ደግሞ ከቦታው መነሳት አይችልም። ከዓመታት በኋላ መቃብሩን ልትጎበኝ ተመልሳ ጣቢያው በር ላይ አርጅቶ፣ ፀጉሩ ቆሽሾ ስታገኘው ፊቷን አይታችሁታል? ኬትን የምትሠራው ጆአን አለን እዚያ ጋ ብዙም አትናገርም። አጠገቡ ትቀመጥና ቀጣዩን ባቡር አብሬህ ልጠብቅ ትለዋለች። እኔ የፈረስኩት እዚያ ነው።

ልጅቷም አለች፣ አንዲ። ከቤቷ ሲያመልጥ መልሳ አመጣችው፣ ከዚያ ግን በሩን ራሷ ከፈተችለት። እሷም እንደ ካርል ናት።

የታሪክ_ወዳጅ

ሚሚ፣ ጥሩ አነሳሽው። በእውነተኛው ታሪክም አንዲት ሴት አለች። ያዬኮ ሳካኖ ትባላለች፤ ከፕሮፌሰሩ ጋር ለዓመታት የኖረች፣ ግን በሕግ ያልተጋባች። በዚያ ዘመን ሕጋዊ ሚስት ስላልነበረች ሲሞት ቤቱን መልቀቅ ነበረባት። ሀቺኮም የተንከራተተው በዚሁ ምክንያት ነው። ውሻው እሷን ሲያይ በጣም ይደሰት እንደነበር ይነገራል። ስትሞት ከእሱ ጎን እንድትቀበር ብትፈልግም አልሆነላትም። በ2016 ነው አጽሟ ቶኪዮ አዮያማ መቃብር ወዳለው የፕሮፌሰሩ ቦታ የተወሰደው። ሀቺኮም እዚያው መታሰቢያ አለው። ሦስቱ አንድ ቦታ የሆኑት ፕሮፌሰሩ በሞተ በዘጠና አንደኛው ዓመት ነው።

ሚሚ_88

እሷም ጠብቃለች በለኛ! ይሄን የሚሠራ ፊልም ቢኖር።

አቤል_ዜማ

ለየት ያለ አስተያየት አለኝ፣ አትቆጡኝ። ፊልሙ እንባ ለማውጣት በጣም ይገፋል። ፒያኖው አይቆምም። በረዶው፣ ቅጠሉ፣ ወቅቱ ሲቀያየር፣ ውሻው እዚያው፤ ገባኝ እኮ! ያን ካችማሬክ ድንቅ የሙዚቃ ደራሲ ነበር፤ ግን ዝም ቢል የበለጠ ያስለቅሰኝ ነበር።

መቅደስ_ሲኒማ

አቤል፣ ማንም አይቆጣህም። ስለ ፒያኖው በከፊል እስማማለሁ፣ ከሞቱ በኋላ ባሉት ክፍሎች ትንሽ ይበዛል።

ግን ሥዕሉን ልብ በልልኝ። ካሜራው ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል፣ ውሻው ቁመት ላይ። በእሱ ዓይን ስናይ ቀለሙ ደብዝዞ ወደ ነጭና ጥቁር ይጠጋል። የምናየው ጫማ፣ የቦርሳ ጠርዝ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ነው። ውሻው አይናገርም። ውስጡን የሚተርክልን ድምፅ አልተሰጠውም። ሌሎች የውሻ ፊልሞች ውሻውን ያስወሩታል፣ ያስቁታል፣ ሰው ያደርጉታል። ይሄኛው እስከ መጨረሻው ውሻ አድርጎ ተወው። ለዚህ ነው የማምነው። በበሩ የሚወጣውን እግር ሁሉ እያየ አንዱን እግር ሲፈልግ፣ ያንን ሙዚቃ አይደለም የሚነግረኝ።

ተዋናዮቹ ውሾችም ሊመሰገኑ ይገባል። ትልቁን ሀቺ የሠሩት ሦስት አኪታዎች ናቸው፤ ቺኮ፣ ሌይላና ፎረስት። ዕድሜው ሲገፋ ያለው አካሄድ፣ የኋላ እግሩ ሲከብደው፣ ተቀምጦ ሲነሳ የሚወስደው ጊዜ፤ ያረጀ ውሻ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ጥላሁን_አሮጌ_ፊልም

ልጆች፣ የጃፓኑን አላያችሁትም እንዴ? በ1987 የወጣው። ሰይጂሮ ኮያማ አዘጋጀው፣ ጽሑፉን የጻፈው ካኔቶ ሺንዶ ነው። ፕሮፌሰሩን የሚሠራው ታትሱያ ናካዳይ ነው፣ ያ ትልቅ ተዋናይ። በዚያ ዓመት ጃፓን ውስጥ ከአገር ውስጥ ፊልሞች ሁሉ የበለጠ ገቢ ያስገባው እሱ ነበር።

እዚያኛው ውስጥ ሰዎቹ ጠንከር ይላሉ። ፕሮፌሰሩ ከሞተ በኋላ ቤቱ ሲበተን፣ ውሻው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገፋ በደንብ ያሳያል። ብሩክ ክፉው ነገር ወጥቷል ላልከው፣ መልስህ እዚያ አለ። መቅደስ የወደደችውን ደግነት የሚፈልግ ደግሞ የ2009ኙን ይይ። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ፤ የትኛውን አስቀድሜ ልይ ካላችሁኝ ግን የጃፓኑን እላለሁ።

ብሩክ_ኤም

አመሰግናለሁ አባባ ጥላሁን፣ ዛሬውኑ እፈልገዋለሁ። ዶክተር፣ የሚመታበትን ቦታ ውሻ ይሸሻል ያልከው አሳምኖኛል። እሱን አላሰብኩትም ነበር።

ሰሎሜ_ወ

የስምንት ዓመት ልጅ አለኝ። ማየት ይችላል ትላላችሁ? ውሻ በጣም ይወዳል፤ ግን ለቅሶው ይከብደዋል ብዬ ፈራሁ።

ናሆም_ዘ

ሰሎሜ፣ እኔ ከእህቴ ልጅ ጋር አይቼዋለሁ፣ በዚያው ዕድሜ። ፊልሙ የሚጀምረው እኮ ክፍል ውስጥ ነው። ሮኒ የሚባለው የፓርከር የልጅ ልጅ ስለ ጀግናው ሲናገር የአያቱን ውሻ ይመርጣል፣ ልጆቹ ይስቁበታል። መጨረሻ ላይ ግን ዝም ብለው ነው የሚያዳምጡት። ልጆች በዚያ በኩል ይገባሉ። ደምና ድብድብ የለም። የሚያስጨንቀው ሞቱ ብቻ ነው፣ እሱም ባጭሩ ነው የሚታየው። ብቻውን ግን አታስቀምጪው። የእህቴ ልጅ መሐል ላይ አስቁሞ «ለምን አይነግሩትም?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ይዘሽ ጠብቂ።

ሰሎሜ_ወ

ምን ብለህ መለስክለት?

ናሆም_ዘ

ነገሩት፣ ግን እሱ የሚያውቀው በቃል አይደለም፣ በማሽተት ነው አልኩት። የጌታው ሽታ ያለው እዚያ ቦታ ላይ ስለሆነ እዚያ ይሄዳል አልኩት። ገባው መሰለኝ፤ ፊልሙን ቀጥሉ አለ።

ፀሐይ_ልጅ

ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፣ ዛሬ ግን መጻፍ ፈለግሁ።

አባቴ ካረፈ በኋላ ውሻው ከበር አልነሳ አለ። አባቴ ማታ ሲገባ የበሩን ብረት በቁልፉ ሁለቴ መታ ያደርግ ነበር፣ ውሻው ይህንን ያውቃል። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሁሉ በሩን ሲያንኳኳ ተነስቶ ይሮጣል፣ ያሸታል፣ ተመልሶ ይተኛል። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፣ እና ከእሱ ጋር የምታለቅሰው እናቴ ብቻ ነበረች። ሌሎቻችን እንግዳ እናስተናግዳለን።

አንዳንድ ዘመድ ውሻውን አውጡት፣ ያውካል አለ። እናቴ እምቢ አለች። ምንጣፍ አምጥታ በሩ ጥግ አነጠፈችለት። መቅደስ «ቦታውን ሊለቅለት ይችላል» ያልሽውን ሳነብ ያቺ ምንጣፍ ናት ትዝ ያለችኝ። ፊልሙን ከእናቴ ጋር እስካሁን አላየሁትም። እንደምትወደው አውቃለሁ፤ ድፍረቱን ግን አላገኘሁም።

መቅደስ_ሲኒማ

ፀሐይ፣ ነፍስ ይማር። እናትሽን ሰላም በይልኝ። አትቸኩይ፣ ፊልሙ የትም አይሄድም።

ጥላሁን_አሮጌ_ፊልም

እግዚአብሔር ያጽናችሁ ልጄ። እናትሽ ትልቅ ሴት ናቸው።

የታሪክ_ወዳጅ

ነፍስ ይማር ፀሐይ።

ለሌሎቻችሁ፣ ሀቺኮ ብቻውን እንዳልሆነ ልንገራችሁ። ጣሊያን ውስጥ ፊዶ የሚባል ውሻ ነበር። ጌታው በ1943 መጨረሻ በቦምብ ድብደባ ሞተ። ፊዶ ግን ማታ ማታ ጌታው ከአውቶቡስ የሚወርድበት ቦታ እየሄደ እስከ 1958 ጠበቀ። ባቡሩ በአውቶቡስ ከመቀየሩ በቀር ያው ታሪክ ነው። እሱም በሕይወት እያለ ሐውልት ቆሞለታል።

የሀቺኮ ሐውልት ደግሞ ሌላ ዕጣ ነበረው። የመጀመሪያው በጦርነቱ ጊዜ ለብረት ተብሎ ቀለጠ። የሠራው ቴሩ አንዶም በዚያው ጦርነት አለፈ። አሁን ሺቡያ ያለውን በ1948 የሠራው ልጁ ታኬሺ አንዶ ነው። ግራ ጆሮውን አስተውሉ፣ ወደ ታች ወድቋል። የአኪታ ጆሮ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። የእሱ ግን ወድቆ ስለነበር ሐውልቱም እንደነበረው አድርጎ አሳየው። በ2015 ደግሞ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ሐውልት ተሠራ። እዚያኛው ላይ ፕሮፌሰሩ ቦርሳውን አስቀምጦ ጎንበስ ብሏል፣ ሀቺኮ በሁለት እግሩ ቆሞ ዘሎበታል።

አቤል_ዜማ

ያንን ሐውልት አሁን ፈልጌ አየሁት። ያለ ፒያኖ አስለቀሰኝ።

ኪያ_ቲ

እኔ ፊልሙን ካየሁ ጀምሮ አኪታ ቡችላ ለመግዛት እያሰብኩ ነው። ዶክተር፣ ምን ትመክረኛለህ? አሳድጌ አላውቅም፣ የመጀመሪያዬ ነው።

ዶክተር_እንስሳት

ኪያ፣ በግልጽ ልንገርሽ፣ ለጀማሪ አኪታ አልመክርም። ትልቅና ጠንካራ ውሻ ነው፤ ወንዱ ከ40 ኪሎ በላይ ሊሄድ ይችላል። ከሌላ ውሻ ጋር፣ በተለይ ከተመሳሳይ ፆታ ጋር፣ ቶሎ ይጣላል። ለእንግዳ ሰው ዝግ ነው። ፀጉሩ በዓመት ሁለቴ በጅምላ ይረግፋል። ከቡችላነቱ ጀምሮ በትዕግሥት ያልተማረ አኪታ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ፊልሙ ላይ ያየሽው ጸጥታ የብዙ አሠልጣኝ ሥራ አለበት።

ደግሞ ታማኝነት የአኪታ ብቻ አይደለም። የፊዶን ታሪክ አሁን አነበብሽ፣ እሱ ተራ ክልስ ውሻ ነበር። ጌታው ተጎድቶ መንገድ ላይ አግኝቶ ነው ያነሳው። መጠለያ ውስጥ ያሉ ያደጉ ውሾችን እዪ እላለሁ።

ኪያ_ቲ

ያደገ ውሻ ግን ይለምደኛል? የቀድሞ ጌታውን ቢጠብቅስ?

ዶክተር_እንስሳት

ይለምድሻል። የቀድሞውንም ላይረሳ ይችላል፣ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዲህ አድርጊ። ምግቡን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ አንቺው ራስሽ ስጪው። ጠረጴዛ ሥር ወይም ጥግ ውስጥ ከተደበቀ አትጎትቺው፣ መሬት ላይ ትንሽ ራቅ ብለሽ ተቀመጪና ሥራሽን ሥሪ። ፊት ለፊት አፍጥጠሽ አትዪው፣ ከላይ ወደ ታች እጅሽን ራሱ ላይ አታሳርፊ። ራሱ መጥቶ ሲያሸትሽ ከአገጩ ሥር ጀምሪ። እንግዳ አታብዢበት። ብቻውን መተውን በአምስት ደቂቃ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ጨምሪ። አንዳንዱ በሳምንት ይፈታል፣ አንዳንዱ ወራት ይፈልጋል። ከመውሰድሽ በፊት የመጠለያውን ሰዎች ጠይቂያቸው፦ የት ተገኘ፣ ምን ያስፈራዋል፣ ከማን ጋር ኖሯል። ክትባቱንና የልብ ትል ምርመራውን መሥራታቸውንም አረጋግጪ።

ኪያ_ቲ

እሺ ዶክተር፣ ቅዳሜ ሄጄ አያለሁ። ጥያቄዎቹን ጽፌ ይዣለሁ።